ትንሽ መኪና ወይስ ክሮስኦቨር? በረዶ፣ ጭቃና ቁልቁለት ለሚፈራረቁበት የሰሜን ሸዋ መንገድ

በክረምት ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር የሚወስደው አስፋልት ከሰዓት በኋላ በሚወርድ በረዶ በደቂቃዎች ውስጥ ሊነጣ ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ውርጩ ያድርና ማለዳ ላይ ድልድዩና ፀሐይ ያልደረሰበት ጥግ ይጋገራል። መኪና ለመግዛት ገንዘብ የሚያጠራቅም የአካባቢው ሰው ታዲያ «ቪትዝን የመሰለች ትንሽ መኪና ትበቃኛለች ወይስ ራቭ ፎርን የመሰለ ከፍ ያለ መኪና ልያዝ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ክሮስኦቨሮችም የጥያቄው አካል ሆነዋል።

የተለመደው መልስ «ከፍ ያለውና ፎር ዊሉ ይሻላል» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። እውነት ያልሆነው ግማሽ ግን ሕይወት የሚያስከፍል ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

ክሮስኦቨር የሚባለው የትኛው ነው?

እንደ ቤት መኪና ተሠርቶ ከመሬት ከፍ የተደረገ መኪና ነው። አካሉና ሻንሲው ባንድነት የተበየደ ነው። ቶዮታ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው ራቭ ፎር ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን ሃዩንዳይ ቱሳን፣ ኪያ ስፖርቴጅ፣ ከኤሌክትሪኮቹም ፎልክስዋገን አይዲ ፎር እዚሁ ይመደባሉ። ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ሌላ ዘር ናቸው፤ ሻንሲያቸው ለብቻው ነው፣ ብዙዎቹም ጉልበት የሚያበዛ ፍጥነት የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ (ፎር ሎው) አላቸው። ክሮስኦቨር ይህ ማርሽ የለውም።

ብዙ ገዢ የማያስተውለው ነገር አለ፦ ብዙ ክሮስኦቨሮች ፎር ዊል አይደሉም። ቁመናቸው ያው ሆኖ የሚጎተቱት በፊት ጎማ ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ደረቅ ቦታ ላይ አቁመው ጎንበስ ብለው ሥሯን ይመልከቱ። በነዳጅ ብቻ በምትሄድ መኪና ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚዘልቅ የብረት ዘንግ፣ በኋላ ጎማዎች መሐልም ዲፍረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማ የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) ከሌለ ፎር ዊል አይደለችም፤ ከኋላዋ የተለጠፈው ጽሑፍ ምንም ይበል። የኤሌክትሪክ ከሆነች ፎር ዊል የምትሆነው ከፊትም ከኋላም ሞተር ሲኖራት ነው። አይዲ ፎርን የመሳሰሉት በብዛት የሚገኙት በኋላ ጎማ ብቻ የሚገፉ ሆነው ነው።

ፎር ዊል በረዶ ላይ ቶሎ ያቆማል?

አያቆምም። ፎር ዊል ማለት የሞተሩ ጉልበት ለአራቱም ጎማ ይደርሳል ማለት ነው፤ የሚያግዘውም ለመነሣትና ለመውጣት ነው። ፍሬን ደግሞ በየትኛዋም መኪና፣ በቪትዝም ጭምር፣ አራቱንም ጎማ ይይዛል። እዚያ ላይ ፎር ዊሉ የሚጨምረው ነገር የለም።

መኪና በስንት ሜትር ትቆማለች የሚለውን የሚወስኑት ፍጥነቷና ጎማዋ መሬቱን የመያዝ አቅሙ ናቸው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ለመቆም በደረቅ አስፋልት 14 ሜትር፣ በእርጥብ አስፋልት 20 ሜትር፣ በውጭ አገር መንገድ ላይ በተረገጠ አመዳይ (እንደ ጥጥ እየበነነ የሚወርደው በረዶ) 50 ሜትር፣ በተጋገረ ውሃ ላይ 100 ሜትር ገደማ ያስፈልጋታል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ የምታልፈው አንድ ሰከንድ ሌላ 14 ሜትር ትበላለች። ክብደት እዚህ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ከባዷ መኪና መሬቱን አጥብቃ ትጫናለች፤ መቆም ያለበት ክብደቷም ግን በዚያው ልክ ይበዛል።

የእኛ በረዶ ከካናዳና ከስዊድን አመዳይ ይለያል። ጠጠር ነው፤ ገና ሳይሟሟ ሲነዱበት በድንጋይ ንጣፍ ላይ በተበተነ ሽምብራ ላይ እንደ መራመድ ነው። ሲሟሟ ደግሞ ከሥሩ ውሃ ይሠራና ጎማውን ያንሳፍፋል። ደግነቱ ዕድሜው አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ዳር ይዞ መጠበቅ ችግሩን ይፈታዋል። ስቶክሆልም ያለ ሰው ይህ ምርጫ የለውም።

አሁን ቁልቁለቱን እንጨምር። መሬቱ እንደ ተረገጠ አመዳይ የሚያንሸራትት ይሁንና መኪናዋ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ትሂድ። ሜዳ ላይ በ18 ሜትር ትቆማለች። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ መንገድ 35 ሜትር ትፈልጋለች። በየመቶው 15 ሜትር ሲወርድ 70 ሜትር ይሆናል። 20 ሜትር ሲደርስ ፍሬኑ ምንም ያህል ቢያዝ አትቆምም።

ዳገቱስ? በዚያው መሬት ላይ በፊት ጎማ የምትጎተት ትንሽ መኪና በየመቶው 10 ሜትር ገደማ የሚነሣ ዳገት ትወጣለች፤ ከዚያ በላይ ጎማዋ ባለበት ይሽከረከራል። ፎር ዊሉ 18 ሜትር ገደማ የሚነሣውን ይወጣል። ሁለቱን ስሌቶች አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጧቸው የነገሩ ዋና አደጋ ይታያል፤ ፎር ዊሉ ያወጣዎት ዳገት በመልሱ ሊያቆምዎት የማይችል ቁልቁለት ሊሆን ይችላል። ትንሿ መኪና ከታች ስትሸነፍ ገና ከአደጋው ውጭ ነዎት። ክሮስኦቨሩ ግን ምልክት ሳይሰጥ ጫፍ ያደርሳል።

የክሮስኦቨር ፎር ዊል እንዴት ነው የሚሠራው?

በአብዛኞቹ ላይ መኪናዋ በመደበኛው ጊዜ በፊት ጎማ ትሄዳለች። የፊቱ ጎማ ሲንሸራተት ኮምፒውተሩ ያውቅና ከኋላው ዲፍረንሻል አጠገብ ያለውን ትንሽ ፍሪሲዮን ያጣብቀዋል፤ ያን ጊዜ የኋላው ጎማ ጉልበት ያገኛል። አጭር ዳገት ወይም በረዶ ለያዘው መታጠፊያ ይህ በቂ ነው። እየተንሸራተቱ ብዙ ደቂቃ ሲታገሉበት ግን ያቺ ፍሪሲዮን ትግላለች፤ ኮምፒውተሩም እንዳትቃጠል ይለያትና መኪናዋ ወደ ፊት ጎማ ብቻ ትመለሳለች። ሰው «ፎር ዊሉ ተበላሸ» የሚለው ይህን ነው። ሞተሩን ሳያጠፉ ቆም ብለው ሲያበርዱት ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል።

ይህችን ፍሪሲዮን ከሁሉ በላይ የሚጎዳት የተለያየ ጎማ ነው። ሁለት አዲስ ጎማ ከሁለት ያለቀ ጎማ ጋር ሲገጠም ዙሪያቸው ስለማይተካከል ፊትና ኋላ በተለያየ ፍጥነት ይዞራሉ፤ ፍሪሲዮኗም በደረቅ አስፋልት ላይ ሳይቀር ስትታገል ትውላለች። ፎር ዊል ክሮስኦቨር የያዘ ሰው አራቱንም ጎማ አንድ ላይ መቀየር አለበት። ይህ ወጪ መኪናዋ ሳትገዛ መታሰብ ያለበት ነው።

ትንሿ መኪና የምትበልጥበት ቦታ አለ?

አለ፣ ከሚገመተውም ይበዛል። ሞተሯ በሚጎትቱት ጎማዎች ላይ ስለተቀመጠ ባዶዋን ስትሆን ከክብደቷ 60 በመቶው ገደማ ፊት ላይ ነው። ጎማዋ ጠባብ ነው፤ 165 ወይም 175 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ጎማ ልል በረዶውን ሰንጥቆ አስፋልቱን ያገኛል፤ 225 ሚሊ ሜትር የሆነው የክሮስኦቨር ጎማ ግን በላዩ ላይ የመንሳፈፍ ጠባይ አለው። ቁመቷ ዝቅ ያለ ስለሆነም ወደ ጎን ተንሸራታ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ስትላተም የመገልበጥ ዕድሏ ከረጅሙ መኪና ያንሳል።

ድክመቷ ጭነት ላይ ነው። ከኋላ ሦስት ሰውና ሻንጣው የተሞላ እህል ሲኖር ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄድና ፊቷ ይቀላል፤ ቅድም 10 ሜትር ያልነው ዳገት ወደ 8 ይወርዳል። ዳገት ላይ መሽከርከር ስትጀምር የኋላ ተሳፋሪዎችን ማውረድ ጥሩ የሚሠራው ለዚህ ነው። አጭር የሰፈር ዳገት ከሆነና ከኋላ መኪና ከሌለ በሪቨርስ መውጣትም ይቻላል፤ የሚጎትቱት ጎማዎች ወደ ታች በኩል ስለሚሆኑ ክብደቱ ያርፍባቸዋል። በዋናው አስፋልት ላይ ግን አይሞከርም።

ሌላው ከፍታ ነው። በ3,000 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ባለ 1.0 ሊትሯ ቪትዝ አምስት ሰው ጭና ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ስትወጣ የምትንፏቀቀው አርጅታ ብቻ አይደለም። ለኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታው ለውጥ የለውም።

ከመሬት ከፍ ማለት ምን ያህል ይጠቅማል?

ለበረዶ ብዙም አይደለም። አስፋልት ላይ የሚጋገረው በረዶ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከመሬት 13 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ለምትነሣው ትንሽ መኪና ችግር አይሆንም። ክሮስኦቨሩ 17 እስከ 21 ይነሣል። ይህ ልዩነት ዋጋ የሚያወጣው ከአስፋልት ሲወጡ ነው፤ በመንዝ የጠጠር መንገድ፣ የክረምት ጎርፍ በቦረቦረው መግቢያ ላይ፣ ከባድ መኪና ሁለት ቦይ ሠርቶበት ባለፈ ጭቃ ላይ። የቦዩ ጥልቀት ከመኪናዋ ቁመት ሲበልጥ ሆዷ መሐሉ ላይ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ፎር ዊልም ቢሆን ጎማው አየር ላይ ስለሚዞር አያድንም። ቦዩን ከመግባትዎ በፊት ወርደው በእንጨት ይለኩት።

የሞረትና ጅሩና የእነዋሪ አካባቢ ጥቁር መረሬ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ እንደ ማጣበቂያ ይይዛል፤ ጥቂት መቶ ሜትር እንደተሄደ የጎማው ጥርስ ሞልቶ ይለሰልሳል። በትንሽ መኪና ላይ ጎማውና ከበላዩ ያለው ሽፋን የተቀራረቡ ስለሆኑ ጭቃው መሐሉ ገብቶ ይታሸግና ጎማው መዞር እስኪያቅተው ይጨመቃል። ክሮስኦቨሩ የተሻለ ቦታ አለው፤ በአስፋልት ጎማ ከሄደ ግን እሱም ብዙ አይርቅም። የነዳጅ አረጋገጡም እዚህ ይገለበጣል። በረዶ ላይ ቀስ ማለት ነው ደንቡ፤ እንዲህ ባለ ጭቃ ላይ ግን ጎማው ትንሽ ፈጠን ብሎ ሲዞር ጭቃውን ከጥርሱ እያራገፈ መያዣ ያገኛል። መረሬ መሬት ዝናብ እንደጠጣ ከመግባት ፀሐይ ላዩን እስኪያደርቀው መጠበቅ ይሻላል፤ ይህ ለሁለቱም ዓይነት መኪና ይሠራል።

ጎማውስ?

መኪናውን ከመምረጥ በላይ ጎማውን መምረጥ ውጤት አለው። ሊሾ ጎማ የለበሰ ፎር ዊል ጥሩ ጎማ ካላት ቪትዝ በኋላ ነው የሚቆመው።

በጎማው ሰርጦች ውስጥ ወርዱን ይዘው የተጋደሙ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ከእነሱ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ለበረዶና ለክረምት ዝናብ ግን እስከዚያ አይጠበቅም፤ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ውሃና በረዶ የመግፋት አቅሙ በግልጽ ይወርዳል። ዕድሜውን ለማወቅ በጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ ያለውን አራት አኃዝ ያንብቡ፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ደህና መስሎ ዐሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ላስቲኩ ደርቋል፤ እርጥብ መንገድ አይይዝም።

ከአውሮፓ ወይም ከጃፓን ተጠቅመውበት የመጣ ጎማ ሲገዙ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በመሐሉ የበረዶ ቅንጣት ሥዕል ሊያዩ ይችላሉ። ይህ ለአመዳይ የተፈተነ ጎማ ምልክት ነው። ንጹሕ የክረምት ጎማ ከሆነ ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ በታች እንዲለሰልስ ስለተሠራ ለእኛ አገር አይመከርም፤ ከውርጩ ማለዳ በኋላ አስፋልቱ ይሞቃል፣ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱም ቆላ ነው፤ ጎማው ቶሎ ያልቃል፣ በሙቅ አስፋልትም ዘግይቶ ያቆማል። ያው ሥዕል ያለበት ለሁሉም ወቅት የሚሆን ጎማ ግን ለደጋውም ለቆላውም የሚመች ምርጫ ነው።

ፎር ዊል ላልሆነች መኪና ሁለት ጎማ ብቻ መግዛት ግድ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ ይገጠሙ፣ በፊት ጎማ የምትጎተት ብትሆንም። ፊቷ ሲንሸራተት ነዳጅ ለቀቅ ሲያደርጉ መኪናዋ ትመለሳለች፤ ኋላዋ ከከዳ ግን ዞራ ትቆማለች። ነፋሱ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ሲሆን መጠኑ የሾፌሩ በር ሲከፈት በምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ።

ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥቶ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የወረደው ከፍታ ሁሉ ሙቀት ሆኖ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት፤ በፍሬን ብቻ ከተወረደ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ክብደት ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ነው። 1.6 ቶን የሆነው ክሮስኦቨር አንድ ቶን ከሆነችው ትንሽ መኪና 60 በመቶ የበለጠ ሙቀት ይፈጥራል።

ስለዚህ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ አድርጎ መውረድ ነው። በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳይገባ፣ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ወሬ ፍሬን ያቃጥላል፤ በዘመናዊ ሞተር ላይ ነዳጁም አይቆጠብም፣ ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ሲነሣ ሞተሩ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማልና። አውቶማቲክ ከሆነ ከ«ዲ» ወደ «ኤል»፣ «ቢ» ወይም ወደ «2» ማውረድ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን የመፍላት ነጥቡ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል።

በረዶ ባለበት ቁልቁለት ማርሽ በድንገት መቀነስ ግን ራሱ ያንሸራትታል። ፍሪሲዮኑ ቀስ ተብሎ ይለቀቅ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ያላት መኪና ፔዳሏ እግርዎን ሲያርገፈግፈው አይልቀቁ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ልል በረዶና ጠጠር ላይ ኤቢኤስ የመቆሚያውን ርቀት ሊያረዝም ይችላል፤ በልዋጩ መሪው እየታዘዘ ይቆያል።

ጣርማበር ጉም ሲለብስ አጭር መብራት ይብራ፤ ረጅሙ ከጉሙ ተመልሶ ዓይን ያጠፋል። ወደ ዋሻው ሲገቡ ከፊት ያለው መኪና ቆሞ ሊሆን እንደሚችል አስቦ መግባት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። እግር ሲነሣ ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየሠራ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል፤ ለዚህ ቁልቁለት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ባትሪው 100 በመቶ ሞልቶ ከሆነ ግን ኃይሉን የሚያኖርበት ቦታ ስለሌለው ይህ መያዝ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል፤ ሁለት ቶን ገደማ የሆነው መኪና ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ሞልተው ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርዱ ከሆነ 85 በመቶ ላይ ያቁሙት። መንገዱ በረዶ ከያዘ ደግሞ የመያዙን መጠን ወደ ዝቅተኛው ያውርዱት፤ በሁለት ጎማ ብቻ ስለሚይዝ እነዚያን ጎማዎች ሊያንሸራትት ይችላል።

ታዲያ የትኛውን?

ኑሮው ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ፣ ወይም በአስፋልቱ ደሴ መስመር ለሆነ ሰው ጥሩ ጎማ የለበሰች ትንሽ መኪና ትበቃዋለች፤ የተረፈውን ገንዘብ ለጎማና ለፍሬን ቢያውለው ከክሮስኦቨር ቁመት የበለጠ ደኅንነት ይገዛል። ወደ መሐል ሜዳና ወደ ጓሳ በኩል ወይም ወደ ገጠር ቀበሌ ዘወትር ለሚመላለስ ቁመትም ፎር ዊልም ያስፈልጉታል፤ ሁለት ጎማ ብቻ የሚገፋ ክሮስኦቨር ቁመቱን ብቻ ነው የሚሰጠው። ክረምቱን በሙሉ መረሬ ላይ የሚውል ሰው ደግሞ ክሮስኦቨሩን ትቶ ፎር ሎው ያለውን መኪና ይፈልግ።

ጭቃ ወይም በረዶ ከያዘኝስ?

ነዳጅ መርገጡን ወዲያው ያቁሙ፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ጉድጓዱን ያጠልቃል። መሪውን ቀጥ ያድርጉ። ከሚገፉት ጎማዎች ፊትና ኋላ ያለውን ይዛቁና ጠጠር፣ ገለባ ወይም የመኪናውን ምንጣፍ ከሥራቸው ያስገቡ። ጎማ እንዳይሽከረከር የሚቆጣጠረውን ሥርዓት በቁልፉ ያጥፉ፤ መኪና ተንሸራታ ከሥሯ መስመር የምትተው ሥዕል ያለበት ነው። አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን እየቀነሰ ያፍንብዎታል። ማንዋል ከሆነ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለው ይነሡ፤ እምቢ ካለ በአንደኛና በሪቨርስ እየተቀያየሩ መኪናዋን ያወዛውዙ፣ አውቶማቲክ ላይ ግን በየመሐሉ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም ማርሽ አይቀየር። የሚገፋ ሰው ካለ ከሚዞረው ጎማ በቀጥታ ኋላ አይቁም፤ ድንጋይ ይወረውራል።

ከጭቃ ከወጡ በኋላ የቸርኬውን የውስጥ ገጽ ይጠቡት። እዚያ ተጋግሮ የሚደርቅ ጭቃ ጎማውን ከሚዛኑ ስለሚያወጣው ፍጥነት ሲጨምሩ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ለባላንስ ጋራዥ ከመሄድ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ መሞከር ነው።